ነጭ ጠብታ

በ2087 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጦይባ ሙሄ ደሴ ፒያሳ ቁልቁለቱ ላይ ባለችው ልብስ ስፌት ቤቷ ተቀምጣ የአንድ ጡረተኛ መምህር ካፖርት ኮሌታ ትቆርጥ ነበር። አንገት የሚሸፍን ልብስ ከተከለከለ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰው ግን ከአባቱ ሣጥን የሚያወጣው አሮጌ ልብስ አላለቀምና ጦይባ ሥራ ፈትታ አታውቅም። የጦሳ ተራራ ብርድ ወደ ከተማው ሲወርድ የደሴ ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ጆሮውን በቆብ ሸፍኖ፣ አንገቱን ግን እንደተሸለተ በግ ገልጦ ይሄዳል።

ጠብታዋ ያለችው እዚያ ነው። ጉሮሮ ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ የምስር ክክ ታክላለች። ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ያስገቡለታል። ሰው የሚያምነውን ሲናገር እንደ ወተት ነጭ ናት፤ የማያምነውን ሲናገር ትቀላለች። ቅላቷ በዚያችው ቅጽበት የቃል ጽሕፈት ቤት ይደርሳል። የተባለው ነገር አይደርስም፤ አዋጁ የሰውን ምስጢር ያከብራል። ቅላቱ ብቻ ነው የሚደርሰው። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ የቀላ ሰው ቃሉ ይነሳል፤ ጠብታውም ይጠቁራል። ቃሉ የተነሳ ሰው በር ቢያዝ አይከፈትለትም፣ መድኃኒት ቢጠይቅ አይሰጠውም፣ ምስክር አይሆንም። ቢናገርም እንዳልተናገረ ነው።

ስለዚህ ሰዉ አነጋገሩን አበጅቷል። «እንዴት አደርሽ?» ሲባል «ደህና» ብሎ የሚመልስ የለም፤ ማን ነው በሙሉ ልቡ ደህና የሆነ? «አለሁ» ይባላል። አለሁ ቀልታ አታውቅም። ሰው ቤት ሄዶ «በልቼ ነው የመጣሁት» ማለትም ቀርቷል፤ የራበው እንግዳ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ባለቤቱም ዝም ብሎ ያቀርባል። ደንበኛ አዲስ ልብስ ለብሶ መስታወት ፊት ቆሞ «ያምርብኛል?» ሲላት ጦይባ «ልክህ ነው» ትላለች። ሲያወሩ ዓይን ለዓይን መተያየት የአሮጌ ሰው ወግ ሆኗል። ጉሮሮ ለጉሮሮ ነው የሚተያዩት።

የዚያን ዕለት አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁለት ሰዎች ገቡ። የለበሱት የነፋስ ኤሌክትሪክ ማማ ሠራተኞችን ቱታ ነው። ጦይባ መቀሱን አስቀመጠች፤ ወንድሟ ይመር የሚለብሰው እንዲህ ያለውን ነውና።

«ጦይባ ሙሄ እርስዎ ነዎት?» አለ በዕድሜ ጠና ያለው።

«ነኝ።»

«ወንድምዎ ይመር ሙሄ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ከሰባተኛው ማማ ወድቆ ሞቷል።»

ጦይባ ጉሮሮውን አየች። ትቅላ፣ እባክሽ ቅዪ፣ አለች በሆዷ። ሰውየው ቆሞ ጠበቃት፤ ሁሉም እንደዚያ እንደሚያደርግ የለመደ ይመስላል። የሰውየው ጠብታ ግን ነጭ እንደሆነች ቀረች።

ሁለተኛው ሰው ወረቀት አወጣ። «ሚስቱ ሉባባ ሰይድ እርጉዝ ሆና ሆስፒታል ተኝታለች። እዚህ ያሉት የቅርብ ዘመድ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሞት በስድስት ሰዓት ውስጥ በዘመድ አፍ ይነገራል። እስከ ዐሥር ሰዓት ነጋሪ ሆነው ተመዝግበዋል። ተቀብለዋል?»

«ተቀብያለሁ።»

«በዐሥር ሰዓት ካልተነገረ የጽሕፈት ቤቱ ሰው መጥቶ ይነግራል። ነጋሪ ሆነው ሳሉ አንዲት ቅላት ብቻ ብትኖር ቃልዎ ወዲያው ይነሳል። ያውቁታል?»

«አውቃለሁ።»

«አላህ ያጥናሽ፣ እህቴ» አለ ጠና ያለው። እሱም ነጭ ነበር። ከልቡ ነው።

ጦይባ ቤቷን ዘግታ ቁልቁለቱን ወረደች። አላለቀሰችም። ስድስቱ ሰዓት መቁጠር ጀምሯልና ማልቀሻ ጊዜ የላትም።

አዋጁን ከሚወዱት ሰዎች አንዷ ነበረች። ይህ መነገር አለበት፤ አለዚያ በኋላ የሆነው አይገባም። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጠብታ ሳይኖር፣ አባቷ ሙሄ የወፍጮ ቤት ነበረው። አንድ ቀን የእሱ ድምፅ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ዱቄቱ ውስጥ መርዝ ጨምሬያለሁ ይላል። ድምፁ የእሱ ነው፣ ሳሉም የእሱ ነው፣ ሲናገር «እንግዲህ» እያለ የሚያስረዝማትም የእሱ ናት። እሱ ግን ያንን ተናግሮ አያውቅም፤ ማሽን ነው የሠራው። ጎረቤቶቹ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ገደሉት። ድምፁ የተሠራ መሆኑ የታወቀው በአራተኛው ቀን ነው። ገዳዮቹም እያለቀሱ ለቅሶ መጡ። ያኔ ይመር ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። አዋጁ የወጣ ዕለት ጦይባ አደባባይ ወጥታ እልል ብላለች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቀልታ አታውቅም። ሰው አዋጁን ሲያማ ከሰማች «እውነት በአራተኛው ቀን ስትመጣ አይታችኋታል?» ትል ነበር።

ሆስፒታሉ ስትደርስ በሩ ማንነቷን ጠየቃት፤ ተናገረች፤ ተከፈተ። የሉባባ ሐኪም ዶክተር ፍሬሰላም ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«ሰምተዋል?» አለች ጦይባ።

«ሰምቻለሁ። ግፊቷ መቶ ሰማንያ በመቶ ሃያ ነው። ትናንት አንድ ጊዜ አንቀጥቅጧታል። ዓይኗን ጋርዷታል፤ ሰው ከፊቷ ቢቆም ጥላ ብቻ ነው የሚታያት። የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ወግተናታል፤ ነገ ጠዋት በቀዶ ጥገና እናዋልዳታለን።»

«ዛሬ ብትደነግጥስ?»

«ልትሞት ትችላለች። ልጁም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ዶክተሯ ትንሽ አሰበች። በዚያ ዘመን ሰው ከመናገሩ በፊት የሚያስበው እንዲህ ነው፤ ሚዛን ላይ እንደሚወጣ ሰው ትንፋሹን ይዞ። «አይደለሁም። ከሦስት አንድ ብል ያመንኩበትን ተናገርኩ ማለት ነው።»

«እንግዲያ እንዳልነግራት ይመክሩኛል?»

«የጠየቁኝ ስለ በሽታው ነው። በሽታውን ነግሬዎታለሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያ ሄደች።

ክፍሉ መጋረጃው ተዘግቶ ጨለም ብሏል። ጥግ ላይ ሲስተር ዘርትሁን የምትባል ነርስ መድኃኒት ትቀዳለች። ሉባባ በጀርባዋ ተኝታ፣ ፊቷ አብጦ፣ እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ጦይባ።»

«እትዬ! እንዴት ዋልሽ?»

«አለሁ።»

«ነይ ቅረቢ፣ ጥላሽ ብቻ ነው የሚታየኝ። ይመር ዛሬ አልደወለም። አግኝተሽዋል?»

«ዛሬ አላየሁትም።»

«ማማ ላይ ነው?»

ጦይባ ትንፋሿን ያዘች። «ጠዋት ወጥቶ ነበር። ማማዎቹን አቁመዋቸዋል።»

«ነፋሱ በርትቶ ነዋ! እሰይ። እንግዲያ ወርዷል?»

«ወርዷል።»

ሉባባ ፈገግ አለች፤ ትከሻዋም ላላ። «አልሐምዱሊላህ። እዚያ ላይ ሲሆን እንቅልፍ አይወስደኝም» አለችና ጥቂት ቆይታ ተኛች።

ጦይባ መጋረጃው አጠገብ ባለው መስታወት አንገቷን አየች። ወተት። ወርዷል ማለት እውነት ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ወርዷል።  በሕይወቷ ግን እንዲህ ያለ ቆሻሻ ነገር ተናግራ አታውቅም፤ ይህን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ጠብታዋ አታውቅም፣ ጽሕፈት ቤቱም አያውቅም፣ አዋጁም አያውቅም።

ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ሉባባ ነቃ እያለች ውኃ ትጠጣለች፣ ስለ ልጁ ስም ታወራለች፣ ይመር ሴት ከሆነች «ረውዳ» ትባል ማለቱን ትናገራለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። በየመካከሉ ጦይባ አፏን ለመክፈት ሦስት ጊዜ ተነሳች። አንዴ «ሉባ» ብላ ጀምራ ሁሉ ነበር። ሉባባ «ወይ» ስትል የአልጋው ማሽን ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ጮኸ፤ ሲስተር ዘርትሁን ብድግ አለች፤ ጦይባ «ውኃ ልስጥሽ?» አለች። ልትሰጣት ፈልጋ ነበርና አልቀላችም።

ስምንት፣ ዘጠኝ። ጽሕፈት ቤቱ የሚልከው ሰው አሁን ከቢሮው ተነስቶ ይሆናል። ፎቁን ይወጣል፤ በሩን ያንኳኳል፤ በጥሩ አማርኛ፣ በጨዋ ድምፅ ይነግራታል። ማሽኑ ይጮሃል። ጦይባ ይህን በየደቂቃው አየችው። የፈራችው ክፉ ሰው አልነበረም። እውነት የሚናገር አንድ ትሑት ሰው ነበር።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሉባባ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ጦይባ ጎንበስ አለች። ከንፈሯን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ፣ «ይመር ሞቷል» አለቻት።

ሉባባ አልተንቀሳቀሰችም። ሲስተር ዘርትሁን ከጥጉ ቀና ብላ አየቻትና ወደ መድኃኒቷ ተመለሰች።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰውየው መጣ። ስሙ ጌጤነህ ነው፤ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ የሚገባ ሰው። ጦይባ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመችለት።

«ነግረዋታል?»

«ነግሬያታለሁ።»

«እርስዎ ራስዎ፣ በቃልዎ?»

«በቃሌ። 'ይመር ሞቷል' ብዬ፣ ጆሮዋ ላይ።»

ጌጤነህ ጉሮሮዋን አየ። ነጭ። «ምን አለች?»

«ምንም አላለችም።»

«አንዳንዱ ሰው እንደዚያ ነው፤ ድምፅ ያጣል» አለ በሐዘኔታ። መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት፤ ተነግሯል። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ሄደ። ደረጃው ጋ ሲደርስ ግን ቆመና ዞረ።  አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረው፤ ነቅታ ነበር ወይ የሚለው።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አለ ጌጤነህ።

«ነገ ጠዋት።»

«መልካም» ብሎ ወረደ።

 ጦይባ ሕጉን በነጭ አንገት አለፈችው። ወደ ክፍሉ ስትመለስ ሉባባ ዓይኗን ከፍታ ጣሪያውን ታያለች።

«እትዬ።»

«ወይ።»

«ሕልም አየሁ። አንቺ መጥተሽ ይመር ሞቷል አልሽኝ።»

ማሽኑ መፋጠን ጀመረ። ሲስተር ዘርትሁን መርፌውን ይዛ ቀረበች፤ እጇ ግን በአየር ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ ንገሪኝ። ሞቷል?»

ወርዷል የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለዐሥር አምስት ደቂቃ እንደቀረው ያሳያል፤ ሕልሙ ስድስት ደቂቃ ዘግይቶ ቢመጣ ኖሮ የነጋሪነቷ ጊዜ ያልቅና ቅላቷ እንደ ማንም ቅላት ተቆጥሮ ይታለፍ ነበር።

«አልሞተም» አለች ጦይባ። «ሕልም ነው።»

ጉሮሮዋ ላይ ቀይ ብርሃን ፈሰሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ያልቀላች ጠብታ ጨለም ባለው ክፍል ውስጥ እንደ ፍም በራች። ሉባባ ፊቷን አዙራ ጥላውን ለማየት ዓይኗን አጠበበች።

«አንገትሽ አይታየኝም። ምን ይመስላል? ሲስተር፣ አለሽ? የእትዬ አንገት ምን ይመስላል?»

ሲስተር ዘርትሁን ጦይባን አየቻት። ሁለት ልጆች እንዳሏት ጠዋት ስታወራ ነበር። በሥራ ላይ ያለች ነርስም እንደ ነጋሪ ናት፤ አንዲት ቅላት ትበቃታለች። 

«ነጭ ነው» አለች።

ሁለት ቀይ አንገቶች በአልጋው ግራና ቀኝ ተፋጠጡ። በመካከላቸው ያለችው ሴት ምንም አላየችም። ቀስ ብላ ተነፈሰች። ማሽኑም ቁጥሩን እያወረደ፣ እያወረደ ሄዶ ዝም አለ። ከዚያ የሁለቱ ሴቶች ጠብታዎች አንድ በአንድ ጠቆሩ።

ረቡዕ ጠዋት ሉባባ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ ትንሽ ነበረች፤ ግን ጮኸች። በዚያው ሰዓት ጦሳ ሥር የይመር ጀናዛ ተሰግዶበት ተቀበረ። ጦይባ አልሄደችም፤ ከሆስፒታሉ ከወጣች በሩ ድምፅዋን ተቀብሎ እንደማይመልሳት ታውቅ ነበር። ሦስት ቀን ኮሪደሩ ላይ ተኛች። ዳቦ ስትጠይቅ የምግብ ቤቱ መስኮት አይከፈትም፤ ሰው ሲገዛ ጠብቃ በእጇ ምልክት ትለምናለች። ሰዎች አንገቷን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። አንዲት ሴትዮ የልጇን ጆሮ በእጇ ሸፈነች። ሲስተር ዘርትሁንን ከማክሰኞ በኋላ ማንም አላያትም።

ሉባባ በየቀኑ ይመር ለምን አልመጣም ትላለች። የሚመልስላት አልነበረም። ዶክተር ፍሬሰላም «አሁን ስለ ግፊትሽ ብቻ ነው የማወራሽ» ትላታለች፤ ነጭ። ዓርብ ረፋድ ላይ የሉባባ ዓይን ተገለጠ፣ ግፊቷም ወረደ። ዶክተሯ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ጦይባን አየቻትና ክፍሉን በእጇ ጠቁማ በሩን ከፍታ ያዘችላት።

ሉባባ ልጇን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ጦይባ ስትገባ ፊቷ በራ፤ ከዚያ ዓይኗ እንደልማዱ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ። ብርሃኑ ከፊቷ ጠፋ።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ? ጠቁረሻል።»

«ሉባ፣ የኔ እናት። ይመር ሞቷል። ማክሰኞ ከማማው ወድቆ።»

ከግድግዳው ለስላሳ ድምፅ መጣ። «ተናጋሪዋ ቃሏ የተነሳ ናት። የተባለው እንደ እውነት አይያዝ።»

«ሞቷል፣ ሉባ። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። አሁን ነው እውነቱን...»

«ተናጋሪዋ ቃሏ የተነሳ ናት። የተባለው እንደ እውነት አይያዝ።»

ሉባባ ጦይባን ሳይሆን ጥቁሯን ጠብታ ነበር የምታየው። አምስት ዓመቷ ሳለ ነው አዋጁ የወጣው። ሰው በጉሮሮ እንጂ በፊት ይነበባል ብሎ ያስተማራት የለም። ከፊቷ የቆመችው ሴት ዓይኗ አብጧል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ይህ ሁሉ ለሉባባ ምንም አልነገራትም። ትምህርት ቤት የተማረችውን ግን ታውቃለች። የጥቁር አንገት ቃል አይሰማም። እንዲያውም የሚለው ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው ይላሉ።

«እንግዲያ አለ» አለች ሉባባ። ልጇን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችና መሳቅ ጀመረች። «አልሐምዱሊላህ። አለ ማለት ነው!»

በጦይባ ላይ እንደወደቀው ያለ ፍርሃት ሰው ላይ ወድቆ አያውቅም። ወፍጮ ቤቱ የተከበበ ዕለት እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ያኔ ውሸት ሰው ሲገድል ነበር ያየችው። አሁን እውነት ከአፏ ወጥታ፣ አየር ላይ ተገልብጣ፣ የምሥራች ሆና ጆሮ ውስጥ ስትገባ አየች።

ሌላ ቃል አልነበራትም። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ጮኸች። ቃል የሌለው፣ ከሆድ የተነሳ፣ ረዥም እሪታ ነበር። ማክሰኞ ያላለቀሰችው፣ ረቡዕ ሲቀበር ያላለቀሰችው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ግድግዳው ዝም አለ፤ የሚከለክለው ቃል አላገኘም። ጦይባ ደረቷን እየመታች ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

የሉባባ ሳቅ ቆመ። ዓይኗ ቀስ ብሎ ከጉሮሮው ወደ ላይ ወጣ፤ ወደ አፉ፣ ወደ ጉንጩ፣ ወደ ዓይኑ። ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ዶክተር ፍሬሰላም ሮጣ ገባች።

«ዶክተር፣ ሞቷል?» አለች ሉባባ፣ ዓይኗን ከጦይባ ፊት ሳታነሳ።

«አዎ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ።»

«ተቀብሯል?»

«ረቡዕ ጠዋት።»

ሉባባ የዶክተሯን አንገት አላየችም። ማየት አላስፈለጋትም።  ለጦይባ «ሳላየው» አለቻት። «ሳላየው አስቀበርሽው። እኔ ስለ ልጅ ስም ሳወራ አንቺ ታዳምጪኝ ነበር። ውጪልኝ።»

ጦይባ ወጣች።

ከዘጠና ቀን በኋላ፣ በጥር፣ የጦይባ ቃል ይመለስ እንደሆነ ለመወሰን እሷና ሉባባ የቃል ጽሕፈት ቤት ተጠሩ። ቃሉ የተነሳ ሰው ስለ ራሱ ቢናገር አይሰማምና የሚጠየቀው ተበዳዩ ነው። በእነዚህ ሦስት ወራት ሉባባ ጦይባን አንዴም አላነጋገረቻትም። ጦይባ ግን በየሳምንቱ የሰፋችውን የሕፃን ልብስ በር ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች፤ ልብሱም ይወሰዳል።

ጠያቂው ጌጤነህ ነበር። ጦይባን ሲያይ እንደተከዳ ሰው ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ቅጹን ዘረጋ።

«ወይዘሮ ሉባባ፣ ወይዘሮ ጦይባ ምን አሉዎት?»

«'አልሞተም፣ ሕልም ነው' አለችኝ።» ነጭ።

«በድለውዎታል?»

«በድላኛለች። ባሌን ሳላየው ተቀበረ።» ነጭ።

«የመጨረሻው ጥያቄ ይኼ ነው። በዚያ ሰዓት እውነቱ ቢነገርዎ ይሻልዎት ነበር?»

ሉባባ ወዲያው መለሰች። ሦስት ወር ሙሉ ያዘጋጀችው መልስ ነው። «አዎ። ይሻለኝ ነበር።»

 ሉባባ የራሷን ጉሮሮ ማየት አትችልም፤ ግን ጌጤነህ የሚያይበትን አየች፣ እጇም ወደ አንገቷ ሄደ። ቀልታ ነበር።

«ይቅርታ፣ ይድገሙት» አለ ጌጤነህ፣ በጨዋ ድምፅ።

ሉባባ ጭኗ ላይ የተኛችውን ረውዳን አየቻት። ልጅቱ ጣቷን ትጠባለች። «እንግዲያ... አይ። አይሻለኝም ነበር።»

አሁንም ቀላች።

«ሁለት» አለ ጌጤነህ። እሱም ደንግጧል፤ ብዕሩን አስቀመጠ። «ወይዘሮ ሉባባ፣ ሦስተኛዋን ያውቋታል። ጨቅላ ይዘዋል። ተጠንቅቀው ይመልሱ።»

ጦይባ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ተዋት» አለች፤ ከግድግዳው ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ፤ ማንም አልሰማትም። ሉባባ ፊቷ አመድ መስሏል።  አዎ ብትል ልጇን ታያለች። አይ ብትል ያላየችው መቃብር ይመጣባታል። የመድኃኒት በር፣ የሆስፒታል በር፣ የቤቷ በር፣ ሁሉም በዚህች አንዲት መልስ ላይ ተንጠልጥሏል። ላብ ከግንባሯ ወደ ባዶ አንገቷ ወረደ።

«አላውቅም» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ተሰበረ። «ወላሂ አላውቅም።»

ጠብታዋ ቀስ ብላ ነጣች።

 ጌጤነህ ቅጹን አገላበጠ፤ ፊቱንም ጀርባውንም አየው። «'አላውቅም' የሚል ቦታ የለውም» አለ። «አዎና አይ ብቻ ነው ያለው። በዚህ መዝጋት አልችልም። ለዘጠና ቀን ተቀጥሯል፤ እስከዚያ የወይዘሮ ጦይባ ቃል እንደተነሳ ይቆያል።»

ሉባባ ልጇን ታቅፋ ወጣች። ጦይባ እንደልማዷ ከኋላ ቀረት ብላ ተከተለቻት፤ የመውጫው በር ላይ ሲደርሱ ቆመች። ሌላ ሰው እስኪመጣና እስኪከፈትለት መጠበቅ ነበረባት። ውጭ ብርዱ ጠንክሯል፤ በመስታወቱ በኩል አንገታቸውን ገልጠው የሚያልፉ ሰዎች ይታያሉ።

«ስንት ናችሁ?» አለ በሩ።

ሉባባ ወደ ኋላ አልዞረችም።  ልጅቱን ወደ አንድ ትከሻዋ አዛወረች፤ ነፃ የሆነውን እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የጦይባን እጅጌ ያዘች።

«ሦስት ነን» አለች።